ከቢቸና ወይም ከሞጣ ለፈተና ከመሳፈርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

«ለፈተና ተመርጠዋል፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዋናው መሥሪያ ቤት ይገኙ» የሚለው ስልክ አዲስ አበባ ላለ ሰው የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። የቢቸናው ልጅ ግን በደጀን ወርዶ ዓባይን መሻገር አለበት። የሞጣዋ ለባሕር ዳር ትቀርባለች፤ ለአዲስ አበባ ጥሪ ግን መንገዱ ከቢቸናውም ይረዝምባታል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ መኪና መኖሩ ብቻ ሳይሆን መንገዱ ክፍት መሆኑም ይጠየቃል። ትራንስፖርቱም፣ አልጋውም፣ ምግቡም ከአመልካቹ ኪስ ነው። ቀጣሪ ድርጅቶች ከክፍለ ሀገር ሰው ሲጠሩ ይህን ሊያስቡ ይገባል። እነሱ እስኪያስቡት ድረስ እርስዎ ይጠይቁ። ቀጣሪን መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጥር ብዙ ነው፤ ድፍረት አይደለም።

ስልኩን ሳይዘጉ

መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ፦ «ፈተናው የጽሑፍ ብቻ ነው ወይስ ቃለ መጠይቁም በዚያው ቀን ነው?» ብዙ ድርጅቶች የጽሑፍ ፈተናውን ሰጥተው ያለፉትን ሌላ ቀን ለቃለ መጠይቅ ይጠራሉ። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። «ከሩቅ ስለምመጣ ሁለቱን በተከታታይ ቀን ብታደርጉልኝ? ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ካላችሁ እዚያ ብፈተንስ?» ማለት ይቻላል። እምቢ ቢሉ የሚጎድልብዎ ነገር የለም።

የሥራ ቦታውንም ይጠይቁ። ማስታወቂያው ላይ «ድርጅቱ በሚመድብበት» ከተባለ አገሩ ሁሉ ነው ማለት ነው።

ጥሪው እውነተኛ መሆኑንም ያጣሩ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ብዙ አመልካች ማስታወቂያ የሚያየውም የሚያመለክተውም ከተማ ባለ ዘመድ በኩል ነበር። መረጃ በሰው በሰው ሲመጣ ሐሰተኛው ከእውነተኛው ጋር ይደባለቃል። በቴሌግራም የሚዞር ማስታወቂያ ሲደርስዎ የማመልከቻ ቀኑ አለማለፉን ይመልከቱ፤ ወደ ደወለልዎ ቁጥር ሳይሆን ወደ ድርጅቱ መደበኛ ስልክ ደውለው ያረጋግጡ። ቦታው ሆቴል ወይም መኖሪያ ቤት፣ ሰዓቱም ምሽት ከሆነ፣ በተለይ ሴት አመልካች ከሆኑ፣ አይሂዱ። ሥራ ያለው ድርጅት ቢሮም የሥራ ሰዓትም አለው።

ገንዘብ ከጠየቁዎ

ለምዝገባ፣ ለፎርም፣ ለሥልጠና ወይም ለዩኒፎርም ማስያዣ እየተባለ በቴሌብር ላኩ ከተባለ ነገሩ እዚያ ላይ ያብቃ። አገር ውስጥ ሠራተኛና ቀጣሪ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል በሕግ አልተፈቀደለትም።

ዋሱ ማን ነው? እስከ ስንት ብር?

ገንዘብና ንብረት የሚያስይዝ ሥራ፣ በተለይ ባንክ፣ ዋስ ይጠይቃል። ይህ የገጠር ልጅ ክፉኛ የሚቸገርበት ቦታ ነው። የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ደመወዝተኛ ሰው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጋር ነው፤ አባት በሬና ማሳ ቢኖራቸውም ለዚህ አይሆኑም። መምህር አጎት ወይም ጤና ጣቢያ የምትሠራ አክስት መለመን ይመጣል። ስለዚህ ከፈተናው በፊት የዋሱ ደመወዝ ቢያንስ ስንት መሆን እንዳለበት ይጠይቁ፤ አልፈው በዋስ እጦት መቅረት ያንገበግባል።

አጎትዎ ከመፈረማቸው በፊትም ውሉን አብራችሁ አንብቡት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። የብሩ ቦታ ክፍት በሆነ ወረቀት ላይ ዘመድዎን አያስፈርሙ። ውለታቸውን የሚከፍሉት እንዲህ ነው።

የትምህርት ማስረጃዎን ዋናውን አሳይተው ኮፒውን ይስጡ። ዋናው የሰው መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ሌላ ቦታ መወዳደር አይችሉም።

«ደመወዝ፦ በድርጅቱ ስኬል መሠረት»

ይህ ሐረግ ቁጥሩን ደብቆ ሰው ይሰበስባል። ቁጥሩ ሲነገርዎ ያልተጣራው ነው ወይስ እጅዎ ላይ የሚገባው? ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የግብር መጣኔ ከ9,000 ብር ደመወዝ ላይ 1,400 ብር ግብር ይነሳል። የሠራተኛው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 630 ብር ነው። የሚቀረው 6,970 ብር ነው፤ የወጪ መጋራት ዕዳ ካለ ከዚያም ይቀንሳል። አዲስ አበባ ቤት ተከራይተው በዚህ ይኖራሉ? ሞጣ በወላጆችዎ ቤት ሆነው ከሚያገኙት አነስ ያለ ደመወዝ ጋር አስተያይተው ይወስኑ።

ከፈረሙ በኋላ ቀጣሪዎ ማን ነው?

የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚቀጠሩት በኤጀንሲ በኩል ነው። የሚሠሩበት ሕንፃ የአንዱ፣ ደመወዝ ከፋዩ ሌላው ሊሆን ይችላል፤ ውሉ ላይ የማን ማኅተም እንዳለ ይዩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ እሱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ፈተናውን ጨርሰው ሲወጡ ውጤቱ መቼና በምን እንደሚነገር ይጠይቁ። «እንደውላለን» ተብሎ ወር ሙሉ ስልክ እያዩ መቀመጥ ሌላውን ዕድል ያስመልጣል። ሞጣ በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወይም ቢቸና ሱቅ ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ «አልፈዋል» በሚል ስልክ ብቻ ሥራዎን አይልቀቁ። የቅጥር ደብዳቤው እጅዎ ይግባ። የሙከራ ጊዜዎን ጨርሰው ከሆነ ለአሁኑ አሠሪዎ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለብዎ፣ አዲሱ ድርጅት ሥራ መጀመሪያዎን ከዚያ በኋላ እንዲያደርገው ደብዳቤው ሳይጻፍ ይነጋገሩ።