የጎንደርን ገዥ ማን ይሾማል? ማንስ ይሽራል?

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጫኑ። ጥቅምት 25 ደግሞ የኒውዮርክ ግዛት ሕዝብ ገዥውን ለመምረጥ ወጣ። ወንበሩ ላይ የነበሩት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው፤ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት። ከሁለት ዓመት በፊት ያሸነፉት 25 ሺህ በሚያህል የድምፅ ብልጫ ብቻ ነበር። በኒውዮርክ የገዥ የሥልጣን ዘመን ያኔ ሁለት ዓመት ስለነበር ዳግም ሕዝብ ፊት መቅረብ ግድ ሆነባቸው። በዚህኛው ዙር ብልጫው ከ700 ሺህ በላይ ሆነ።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዚያው በ1930 በጌምድርም ገዥ ለውጣለች፤ የለወጠችው ግን በጦርነት ነው። ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱም ባል ነበሩ። ዘውዲቱ ሲነግሡ ባልና ሚስቱ እንዲለያዩ ተደረገ፤ ራስ ጉግሣም ደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን ይገዙ ነበር። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉት ከንጉሥ ተፈሪ ጋር የነበራቸው ቅሬታ ከረረና መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ከጦር ሚኒስትሩ ከደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ጦር ጋር ተገናኙ። አስቀድሞ አውሮፕላን በሠራዊታቸው ላይ ወረቀት በተነ፤ ከጉግሣ ጋር የቆመ የተወገዘ ይሁን የሚል የቤተ ክርስቲያን ቃል ነበረበት። ከወረቀቱ በኋላ ቦምብ ተከተለ። ራስ ጉግሣ እዚያው ወደቁ፤ ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ከጦርነቱ ይልቅ ያስተምራል ባይ ነኝ። የሰሜኑ ሰው ደጃዝማች አያሌው ብሩ ከመንግሥት ጎን ቆመው ነበር፤ በጌምድርም ከራስነት ማዕረግ ጋር ለእኔ ይሰጣል ብለው ጠብቀዋል። አገሩ የተሰጠው ግን ለራስ ካሣ ኃይሉ ነው። የደንቢያ ገበሬ፣ የደባርቅ ባላገር ወይም የጎንደር ነጋዴ በጉዳዩ የተጠየቀው ነገር የለም። የአያሌው ቅሬታ በአገሬው ዘንድ በግጥም ሳይቀር ሲወሳ ኖሯል። ባላገሩ ሹመትን መግጠም እንጂ መስጠት አይችልም ነበርና።

በዚያ ዘመን ገዥ ማለት ምን እንደነበር ካላወቅን ነገሩ አይገባንም። ገዥው ግብር ይሰበስባል፣ ይፈርዳል፣ ጦር ያዘምታል፣ ነጋሪት ያስጎስማል። ደመወዝ የለውም፤ የሚኖረው ከአገሩ በሚያገኘው ነው። ንጉሡ በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፤ መቼ እንደሚሽረው ግን ማንም አያውቅም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የወጣው ከዚህ ነው። ተረቱን ስለ ሆዳምነት አድርገን እንናገረዋለን፤ እኔ ግን የሥርዓቱ ሒሳብ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ቆይታህ የሚለካው በአለቃህ ፊት እንጂ በሕዝቡ ምስክርነት ካልሆነ፣ ዛሬ መልካም መሥራት ለነገ ምንም አያተርፍልህም። ገዥው ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ንጉሡም ያለ ጦር ሊያነሣው አይችልም። አንቺም ላይ የታየው ይኸው ነው።

ከታች ግን ሌላ ልማድ ነበር። በጎንደርም በጎጃምም በብዙ ቦታ የመንደሩ ጭቃ ሹም የሚሾመው ከባለ ርስቶቹ ቤተሰቦች በተራ ነበር፤ ዘንድሮ የአንዱ ወገን፣ ለከርሞ የሌላው። ምርጫ አልነበረም። ተራው የሚያልፈው ሹም ግን በሚቀጥለው ዓመት ተገዢ እንደሚሆን እያወቀ ነው የሚሾመው፤ ይህ ራሱ ልጓም ነው። ልጓሙ ከመንደር አልፎ ወደ ላይ አለመውጣቱ ነው ችግሩ።

አሜሪካኖችም ከሰማይ ተመርጦ የወረደ ገዥ አልነበራቸውም። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን አብዛኞቹን ግዛቶች የሚያስተዳድሩት ንጉሡ የሚልካቸው ሹሞች ነበሩ። ነጻነት ሲመጣ ሕዝቡ ከንጉሥ ሹም የተማረውን ስላልረሳ፣ በብዙ ግዛቶች ገዥውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ እንዲሆን ተደረገ። ቨርጂኒያ እስከ እ.ኤ.አ. 1851 ድረስ በዚሁ ቆየች። በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ መምረጥ ቀስ በቀስ የመጣ ነገር ነው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ የተነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ድምፅ የሚሰጠው ሕዝብ ነው፤ እጩውንስ የሚያቀርበው ማን ነው? እጩ የሚቆረጠው የፓርቲ አለቆች በሚመሩት ጉባኤ ነበር። በር ተዘግቶ ሁለት ሰው ከተመረጠ በኋላ ሕዝቡ ከሁለቱ አንዱን ቢመርጥ ምኑን መረጠው? እ.ኤ.አ. በ1900 የዊስኮንሲን ገዥ ሆነው የተመረጡት ሮበርት ላፎሌት የታገሉት ይህንን ነው። የግዛቱ ሕዝብ በ1904 ድምፅ ሰጥቶ የፓርቲ እጩዎች ራሳቸው በመራጩ እንዲለዩ አደረገ፤ በ1906 ሥራ ላይ ዋለ። አንዳንድ ግዛቶች ከዚህም አልፈው ዘመኑን ያልጨረሰ ገዥ በሕዝብ ድምፅ የሚወርድበትን ሕግ አወጡ። የሰሜን ዳኮታው ገዥ ሊን ፍሬዚየር በ1921 በዚህ መንገድ ወረዱ።

ይህን ሰምቶ የሚቀና ካለ ወደ አሜሪካ ደቡብም ይመልከት። ሉዊዚያና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1896 ከ130 ሺህ በላይ ጥቁሮች በመራጭነት ተመዝግበው ነበር። በ1898 የወጣው ሕገ መንግሥት የማንበብና የንብረት መስፈርት ጨመረ፤ አያቱ ወይም አባቱ ቀድሞ መራጭ የነበረውን ነጭ ግን ከመስፈርቱ ነጻ አደረገ። በ1904 የተመዘገቡት ጥቁሮች 1,342 ብቻ ነበሩ። ገዥው ያኔም «በሕዝብ የተመረጠ» ይባል ነበር። ሳጥኑ መኖሩ ብቻ ምንም አይነግረንም፤ ሳጥኑ ዘንድ እንዳይደርስ የተደረገው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ገዥውን ደመወዝተኛ አደረገው። ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳ የሚባለው እርከን ተዘረጋ፤ ጎንደርም የበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። የግል ጦር ቀረ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሿሚው ግን ያው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ፣ ሴቱም ወንዱም፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመረጡ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በአንድ ወቅት የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ናቸው። አባት በሹመት፣ ልጅ በምርጫ፤ በአንድ ቤተሰብ ሁለቱ ዘመን ይታያል። የጠቅላይ ገዥነቱ ወንበር ግን ለምርጫ አልቀረበም። ደርግም ቢሆን ጎንደርን የገዛት በሚልካቸው ሰዎች ነው፤ በቀይ ሽብር ዘመን የነበሩትን መላኩ ተፈራን የማያስታውስ ጎንደሬ የለም።

ዛሬስ? በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት የክልል ከፍተኛው ሥልጣን የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ርዕሰ መስተዳድሩን የሚመርጠውም እሱ ነው። አንድ የደባርቅ ገበሬ በጠቅላላ ምርጫ ቀን ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። ርዕሰ መስተዳድር የሚል ወረቀት የለም። ደባርቅ ተቀምጦ የሰሜን ጎንደርን ዞን የሚያስተዳድረው ሰው ደግሞ ከክልል የሚሾም ነው። የጎንደር ከንቲባ የሚመረጠው በከተማው ምክር ቤት ነው፤ በ2005 ዓ.ም. ከተደረገው የአካባቢ ምርጫ በኋላ በ2010 ሊደረግ የነበረው ግን ተራዘመ።

በምክር ቤት መምረጥ በራሱ ነውር የለበትም፤ ቨርጂኒያም ኖራበታለች፣ ብዙ የፓርላማ አገሮችም ይኖሩበታል። አሠራሩ የሚበላሸው ምክር ቤቱ እጅ ለማውጣት ብቻ ሲሰበሰብ ነው። የአማራ ክልልን ወንበር እንየው። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለ፣ አረጋ ከበደ ተፈራርቀውበታል። አምባቸው ሰኔ 15 ቀን 2011 በሥራ ላይ ሳሉ ተገደሉ፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ሌሎቹ ሲቀያየሩ ግን ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው አንድ ጊዜ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ብቻ ነው። ለምን ይህኛው ወረደ፣ ለምን ያኛው መጣ ብሎ ለመራጩ ያስረዳ የምክር ቤት አባል ስንቱ ነው?

በወረቀት ደረጃ መራጩ ባዶ እጁን አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። ሰሜን ዳኮታዎች ፍሬዚየርን ያወረዱበት ሐሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የእኛው የሚያነሣው ርዕሰ መስተዳድሩን ሳይሆን እሱን የመረጠውን ተወካይ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ስለዚህ እጩ ተወዳዳሪ ዳባት ወይም አዘዞ መጥቶ ስለ መንገድና ስለ ውኃ ሲነግራችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩለት፦ ባሕር ዳር ገብተህ ርዕሰ መስተዳድር ስትመርጥ ማንን አማክረህ ነው እጅህን የምታወጣው? መልሱንም በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ አስጽፉት።