የአንጀት ትላትል፣ የአንጀት ባክቴሪያና የሕፃናት ችፌ፦ ለጌዴኦ ዞን ጥናት መነሻ

እ.ኤ.አ. በ1989 ዴቪድ ስትራካን የተባለው የብሪታንያ ተመራማሪ፣ በልጅነት በተላላፊ በሽታዎች መያዝ ከአለርጂ ሊጠብቅ ይችላል የሚል መላ ምት አቀረበ። ሐሳቡ ኋላ ወደ አንጀት ትላትልና ባክቴሪያ ተስፋፋ። ትላትል በሰው አንጀት ለረጅም ጊዜ የሚቆዩት የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱን በማርገብ ነው፤ ይኸው ማርገብ የአለርጂ ምላሽንም ያበርዳል ተብሎ ይታሰባል።

በኢትዮጵያ የተገኙት ውጤቶች ግን ይህን ሐሳብ በቀጥታ አይደግፉም። በጅማ አካባቢ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ትሪኩሪስ የተባለው ትል ያለባቸው ሕፃናት በችፌ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በቡታጅራ ከእናቶች እርግዝና ጀምሮ የተካሄደው የክትትል ጥናት ደግሞ ሕፃናቱ 3 ዓመት ሲሆናቸው ትላትልንና የተመረጡ የአንጀት ባክቴሪያዎችን አብሮ መርምሮ፣ ሁለቱም ከችፌ ጋር ጉልህ ግንኙነት እንደሌላቸው ዘግቧል። በአንጻሩ በኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ፣ አልቤንዳዞል ከወሰዱ ነፍሰ ጡሮች የተወለዱ ሕፃናት በችፌ ይበልጥ ተይዘው ተገኝተዋል።

እነዚህ ውጤቶች የግድ አይጣረሱም። ጥናቶቹ የለኩት የተለያየ ነገር ነው፦ የትሉ ዓይነት፣ የትሉ ብዛትና ሕፃኑ ለትሉ የተጋለጠበት ዕድሜ ይለያያሉ። ከዚህም በላይ ትላትልና ባክቴሪያ አንድ ቤት ይጋራሉ፤ በአይጦች ላይ እንደታየው የትሪኩሪስ እንቁላል የሚፈለፈለው ከአንጀት ባክቴሪያ ጋር ሲነካካ ነው። ስለዚህ አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ የሚለካ ጥናት የሁለቱን ድርሻ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል።

ለዚህ ጥያቄ ጌዴኦ ዞን ምቹ ሥፍራ ነው። የዲላ ከተማ ኑሮና የቡሌ ደጋ ገጠር ኑሮ በአጭር ርቀት ይገናኛሉ፤ ከእንሰት ተብላልቶ የሚዘጋጀው ቆጮም የዕለት ምግብ ነው። በዚህ የሚካሄድ ጥናት ከእርግዝና መጀመር፣ ዓይነ ምድርን በተለያየ ዕድሜ መውሰድና የትል እንቁላሎችን መቁጠር ይኖርበታል። ችፌውንም በጥንቃቄ መለየት ያሻል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ የችፌ መቅላት ጎልቶ ስለማይታይ፣ መቅላትን ብቻ የሚፈልግ መርማሪ ብዙ ሕሙማንን ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር አከራካሪ አይደለም። መንጠቆ ትል ደም ያሳንሳል፤ ከባድ የወስፋት ጫና ዕድገት ያቀጭጫል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ቤቶች የተጀመረውን የትል መድኃኒት ዕደላ፣ ባልተረጋገጠ የአለርጂ መከላከያ ተስፋ ማዘግየት ተገቢ አይሆንም። የተመራማሪው ድርሻ ሕክምናውን ሳያስተጓጉል፣ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ በቆዳና በአንጀት ላይ የሚታየውን ለውጥ መከታተል ነው።