ምክር ከታመመ ሰው፣ ሕክምና ከሐኪም

የጤና ትምህርት ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት አንብበው ሲጨርሱ፦
1. እንደ እርስዎ የታመሙ ሰዎች በምን ሊረዱዎት እንደሚችሉና በምን ሊረዱዎት እንደማይችሉ ይለያሉ፤
2. ከሰው የሰሙትን ምክር ለቤተሰብ ሐኪምዎ እንዴት እንደሚያቀርቡ ያውቃሉ፤
3. ወደ ልዩ ሐኪም ለመሄድ የሚያስፈልጉትን ወረቀቶች ያውቃሉ።

መግቢያ

በአገር ቤት ሰው ሲታመም ጎረቤትና ዘመድ ለጥየቃ ይመጣል። ጠያቂውም «እኔንም እንዲህ አሞኝ ነበር» እያለ የዳነበትን መድኃኒት ይናገራል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ እስራኤል ከገባንም በኋላ አልቀረም። ዛሬ ጥየቃው በስልክም ሆኗል። አንድ ዓይነት በሽታ ያለባቸው ሰዎች በዋትሳፕ ወይም በፌስቡክ ቡድን ይሰበሰባሉ፤ በአማርኛ ድምፃቸውን እየቀዱ ይላላካሉ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል።

ዕብራይስጥ ገና ላልለመደ ሰው እንዲህ ያለ ቡድን ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን ከቡድኑ የሚገኘው ምክር ሁሉ አንድ አይደለም። የሚጠቅመውን ከሚጎዳው ለመለየት የስኳር በሽታን (ሱኬሬት) እንደ ምሳሌ እንውሰድ።

ስለ ስኳር በሽታ ጥቂት

በገጠር ስንኖር የስኳር በሽታ ብዙም አይታወቅም ነበር። ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች እስራኤል ውስጥ ጥቂት ዓመታት ከኖሩ በኋላ በሽታው በመካከላቸው እንደሚበዛ ሐኪሞች ከ1980ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) አስተውለው ጽፈዋል። ምግቡ ተለወጠ፤ ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና ጣፋጭ መጠጥ በዛ፤ የእግር መንገዱ ደግሞ ቀነሰ።

በሽታው ለብዙ ጊዜ ምንም ሕመም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሰው «ደኅና ነኝ» ብሎ ኪኒኑን ይተዋል። ስኳሩ ግን በደም ውስጥ ከፍ ብሎ በቆየ ቁጥር ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ የእግርን ነርቭና ልብን ቀስ በቀስ ይጎዳል።

የታመሙ ሰዎች ምክር የሚጠቅመው በምንድን ነው?

• መንገዱን ቀድመው ያውቁታል። የስኳር መለኪያው እንዴት እንደሚያዝ፣ ጣት በየት በኩል ቢወጋ እንደሚሻል፣ በሚርፓኣው አማርኛ የምትናገር ነርስ በየትኛው ቀን እንደምትገኝ ይነግሩዎታል።
• ለሐኪሙ ምን መጠየቅ እንዳለብዎት ያስታውሱዎታል። ስኳር ያለበት ሰው ዓይኑን፣ እግሩንና ኩላሊቱን በየጊዜው፣ ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር አለበት። «እኔ ዘንድሮ ዓይኔን ታየሁ፤ አንቺስ?» የምትል አንዲት ጥያቄ የሰው ዓይን ልታድን ትችላለች።
• ብቻዎን እንዳልሆኑ ያሳዩዎታል። «አይዞህ፣ እኔም ጀምሬዋለሁ» የሚል ቃል ኢንሱሊን ለፈራ ሰው ብርታት ይሰጣል።

የታመሙ ሰዎች ምክር የማይበቃው በምንድን ነው?

የበሽታው ስም አንድ ቢሆንም የሰው አካል አንድ አይደለም። ለምሳሌ ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን ሐኪም ከማዘዙ በፊት የበሽተኛውን ኩላሊት በደም ምርመራ ያያል። በቡድኑ ውስጥ ያለ ሰው የእርስዎን ኩላሊት አላየም። ስለዚህ መድኃኒት ለመጀመር፣ ለማቆም ወይም መጠኑን ለመለወጥ ከሐኪምዎ በቀር የማንንም ቃል አይቀበሉ። የሰው ኪኒን አይዋጡ፤ የራስዎንም ለሌላ አይስጡ።

ብዙ ጊዜ የሚሰሙ አራት ምክሮች እነሆ፦

1. «ኪኒኑን ተዪና አብሽ ጠጪ።» አብሽ በእርግጥ የደም ስኳርን ሊያወርድ ይችላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ኪኒን ወይም ኢንሱሊን ከሚወስድ ሰው ጋር ሲደረብ ስኳሩ ከሚገባው በላይ ሊወርድ ይችላል። በኪኒኑ ፈንታ ቢጠጣ ደግሞ በሽታውን ለመቆጣጠር አይበቃም። አብሽ፣ ዳማ ከሴ ወይም ሌላ የአገር መድኃኒት የሚጠጡ ከሆነ ሳያፍሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

2. «ኢንሱሊን ዓይን ያጠፋል።» ዓይንን የሚያጠፋው ለብዙ ዓመታት ሳይታከም የቆየ ከፍተኛ ስኳር ነው። ብዙ ሰው ኢንሱሊን የሚጀምረው በሽታው ከገፋ በኋላ ስለሆነ፣ ጉዳቱ ከመርፌው የመጣ ይመስላል።

3. «የጤፍ እንጀራ ስኳር የለውም፤ እንደ ልብህ ብላ።» እንጀራ ከጤፍም ይሁን ከስንዴ ዱቄት ቢጋገር፣ በሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። እንጀራ መተው የለብዎትም፤ ምን ያህል እንደሚበሉ ግን ከኩፓት ሖሊም የምግብ ባለሙያ (ዲዬታኒት) ጋር ይመካከሩ።

4. «እኔ ጾሜ ምንም አልሆንኩም።» በአስተሥርዮ (ዮም ኪፑር) ወይም በስግድ መጾም የሚፈልግ የስኳር በሽተኛ ከጾሙ ሳምንታት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ ኪኒኖችን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ቢውል ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። በሃይማኖታችንም ነፍስን ማዳን ጾምን ይሽራል። ሐኪሙ የነገረዎትን ይዘው ቄስዎን ወይም ረቢዎን ያማክሩ።

በመካነ ቅሊታ ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት ሴቶች እንዲህ ተነጋገሩ፦

— እታለም፣ እኔ ኪኒኑን ትቼ የአብሽ ውሃ ብጠጣ ስኳሬ ወረደልኝ። አንቺም ሞክሪው።
— እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ለእኔ ብለሽ ነው። ግን መድኃኒት ያዘዘልኝ ሐኪም አብሽ እንደምጠጣ አያውቅም። ማክሰኞ ቶር አለኝ፤ ጠይቄ እነግርሻለሁ። አንቺም ኪኒኑን መተውሽን ንገሪያቸው እንጂ።

ይህች ሴት ጎረቤቷን አላሳፈረችም፤ ምክሩንም አልጣለችም። ወደሚመረመርበት ቦታ ወሰደችው። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ምስጢርዎን ይጠብቁ

እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የበሽተኞች መብት ሕግ መሠረት ሐኪም፣ ነርስና የሕክምና ቦታው ሠራተኛ ሁሉ ስለ በሽታዎ የሚያውቁትን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። በስልክ ቡድን ውስጥ ያሉ ሰዎች ግን እንዲህ ያለ የሐኪም ግዴታ የለባቸውም። አንድ ጊዜ የላኩት ድምፅ ወይም ፎቶግራፍ ተመልሶ አይሰበሰብም፤ የእኛ ማኅበረሰብም ትንሽ ነው፣ ወሬ ቶሎ ይዞራል።

ስለዚህ የምርመራ ውጤትዎን ፎቶግራፍ አንስተው አይላኩ። በወረቀቱ ላይ ስምዎና የቴዑዳት ዜሁት ቁጥርዎ አለ። የልጅዎን ወይም የባለቤትዎን በሽታ ያለ ፈቃዳቸው አይናገሩ። «በገንዘብ ቶር አስቀድምልሃለሁ» ወይም «ሃፍናያ አወጣልሃለሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎት ገንዘብ አይስጡ።

ለሐኪምዎ ግን ምንም አይደብቁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ? አንዳንድ ሰው «በሽታዬን ብናገር ኩፓት ሖሊም ያስወጣኛል» ብሎ ይፈራል። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። ከጥር (ያኑዋር) 1 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ብሔራዊ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ መሠረት አራቱም ኩፖት ሖሊም፣ ማለትም ክላሊት፣ ማካቢ፣ ሜኡሔዴትና ሌኡሚት፣ ነዋሪን በዕድሜው ወይም በበሽታው ምክንያት አልቀበልም ማለት አይችሉም።

ከምክር ወደ ልዩ ሐኪም፦ መንገዱ እንዴት ነው?

በቡድኑ ውስጥ «እገሌ የሚባለው የስኳር ሐኪም ጎበዝ ነው፣ እሱ ዘንድ ሂድ» ቢባሉ፣ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል አይሂዱ። የሚከተለውን ያድርጉ፦

1. ከቤተሰብ ሐኪምዎ (ሮፌ ሚሽፓሓ) ቶር ያስይዙ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነሳጥኑ፣ የስኳር መለኪያዎንም ይዘው ይሂዱ።

2. የሰሙትን በግልጽ ይናገሩ። ለምሳሌ፦ «እንደ እኔ ስኳር ያለበት ሰው ወደ ልዩ ሐኪም ተልኮ መድኃኒቱ ተለወጠለት። ለእኔስ ያስፈልገኛል? የማያስፈልገኝ ከሆነ ለምን?» ሐኪሙን መጠየቅ ድፍረት ወይም ንቀት አይደለም። እዚህ አገር ሐኪሙ በሽተኛው እንዲጠይቅ ይጠብቃል። ዝም ካሉ የተረዱ ይመስለዋል።

3. ሐኪሙ ከተስማማ ሃፍናያ ይሰጥዎታል። ሃፍናያ ወደ ሌላ ሐኪም ወይም ምርመራ የመላኪያ ደብዳቤ ነው። ወደ አንዳንድ ልዩ ሐኪሞች ያለ ሃፍናያም መሄድ ይቻላል፤ ይህ በየኩፓት ሖሊሙ ስለሚለያይ ጸሐፊዋን (ማዝኪራ) ይጠይቁ።

4. የተላኩት ወደ ሆስፒታል ከሆነ ቶፌስ 17 ያስፈልግዎታል። ቶፌስ 17 ኩፓት ሖሊም ለሆስፒታሉ «ወጪውን እኔ እከፍላለሁ» ብሎ የሚሰጠው የግዴታ ወረቀት ነው። አስቀድሞ ቶር መያዝ ወይስ ወረቀቱን ማውጣት እንደሚቀድም ማዝኪራዋን ይጠይቁ።

5. ወረቀቱን ሲቀበሉ ስምዎን፣ የቴዑዳት ዜሁት ቁጥርዎን፣ የሆስፒታሉን ስም፣ የሕክምናውን ዓይነትና ወረቀቱ የሚያገለግልበትን ቀን ይመልከቱ። ቀኑ ካለፈ ወረቀቱ አያገለግልም።

6. ልዩ ሐኪሙ የሰጠዎትን ደብዳቤ ለቤተሰብ ሐኪምዎ መልሰው ያሳዩ። መድኃኒትዎን ሁሉ አንድ ላይ የሚያየው እሱ ነው።

ልብ ይበሉ፦ ኩፓት ሖሊም ከሁሉም ሆስፒታል ጋር አንድ ዓይነት ውል የለውም። ለጎረቤትዎ የተፈቀደው ሆስፒታል ለእርስዎ ላይፈቀድ ይችላል። ያለ ቶፌስ 17 ከሄዱ ሒሳቡ ወደ ቤትዎ ሊመጣ ይችላል።

ቋንቋው ቢያስቸግርዎት

ቶር ሲያስይዙ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ይናገሩ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለበሽተኛው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ አዝዟል። ትንሽ ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ። ልጅ የሕክምና ቃላትን አያውቅም፤ ወላጅም በልጁ ፊት ስለ ሰውነቱ ሁሉን አይናገርም፤ ክፉ ወሬ ቢኖር ደግሞ በልጁ አፍ ሊነገር አይገባም።

ሐኪሙ ያለው ካልገባዎት ወይም ካላረካዎት

በበሽተኞች መብት ሕግ መሠረት ሁለተኛ ሐኪም የመጠየቅና ስለ ሕክምናዎ ከተጻፈው መዝገብ ቅጂ የመውሰድ መብት አለዎት። ኩፓት ሖሊም የጠየቁትን ከከለከለዎት ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ከዚያም በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ላለው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ አቤቱታ ሰሚ ማመልከት ይችላሉ። የሚኒስቴሩ ስልክ *5400 ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ።

ለቡድን የማይጻፍ፣ ቶሎ የሚደወልለት ሕመም

የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር በድንገት መዛል፣ የአንደበት መያዝ፣ ራስን መሳት ሲደርስ የማንንም መልስ አይጠብቁ። ወዲያውኑ በ101 ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም ይደውሉ።

ስኳር ያለበት ሰው ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢርበው ወይም ግራ ቢጋባ ስኳሩን ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ ግማሽ ብርጭቆ ጣፋጭ ጭማቂ ወይም በውሃ የተበጠበጠ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡት፤ 101 ይደውሉ።

ለማያስቸኩል ጥያቄ የኩፓት ሖሊምዎ ስልክ አለ፦ ክላሊት *2700፣ ማካቢ *3555፣ ሜኡሔዴት *3833፣ ሌኡሚት *507።

መታወቅ ያለባቸው የዕብራይስጥ ቃላት

ቶር — ቀጠሮ፣ ተራ
ሚርፓኣ — ክሊኒክ
ሮፌ ሚሽፓሓ — የቤተሰብ ሐኪም
ሮፌ ሙምሔ — ልዩ ሐኪም
ሃፍናያ — የመላኪያ ደብዳቤ
ቶፌስ 17 — ኩፓት ሖሊም ለሆስፒታል የሚሰጠው የክፍያ ግዴታ ወረቀት
ሚርሻም — የመድኃኒት ማዘዣ
ብዲቃት ዳም — የደም ምርመራ
ሜታርጌም — አስተርጓሚ

ጥያቄዎች (በቤተሰብ ሆነው ይወያዩባቸው)

1. በቡድን ውስጥ ካሉ በሽተኞች ሊጠየቁ የሚችሉ ሁለት ነገሮችን፣ ለሐኪም ብቻ የሚቀርቡ ሁለት ነገሮችን ይጥቀሱ።
2. በቤታችሁ ውስጥ ሐኪም ሳያውቅ የሚወሰድ የአገር መድኃኒት አለ? በሚቀጥለው ቶር ማን ይነግረዋል?
3. የምርመራ ወረቀት ፎቶግራፍ ለቡድን መላክ ለምን አይገባም?
4. የኩፓት ሖሊማችሁን ስልክና 101ን ልጆችም አያቶችም በሚያዩት ቦታ ጽፋችሁ ለጥፋችኋል?

እግዚአብሔር ምሕረቱን ይስጥዎት፤ በጤና ያቆይዎት።