ደግነታችን እስከ የት ይደርሳል?

ስለ ሰው ተፈጥሮ ስንነጋገር ሁለት የሚጣሉ አባባሎችን በአንድ አፍ እንናገራለን። ያበደርነው ገንዘብ ሲቀልጥ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» እንላለን፤ አልጋ ይዘን ጎረቤት ሲያስታምመን ደግሞ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ብለን እንመርቃለን። ፈላስፎቹም ከዚህ እምብዛም አልራቁም። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1651 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚፈራ መንግሥት ከሌለ ሰው በሰው ላይ ይዘምታል አለ። ዣን ዣክ ሩሶ በ1755 ተነሥቶ ሰው ሲፈጠር ገር ነበር፣ ያበላሸው ኅብረተሰቡ ነው ሲል ተከራከረ። ሁለቱም ብዙ ተከታይ አፍርተዋል፤ ሁለቱም ግን ከወንበራቸው ሆነው ያሰቡት እንጂ ሰውን ፈትነው ያገኙት አልነበረም። ዛሬ ፈተናው ስላለ ወገን ለይቶ መናገር ይቻላል። ሰው በተፈጥሮው ወደ ደግነት ያዘነብላል፤ ይህ ደግነት ግን ከሥሩ ለቅርብ ሰው የተበጀ ነው። ታላላቆቹ ጭካኔዎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅሉት ከዚሁ ከጠባብነቱ ነው።

በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣውን ጥናት እንመልከት። አሌን ኮንና ባልደረቦቹ በ40 አገሮች፣ በ355 ከተሞች ከ17,000 በላይ የኪስ ቦርሳዎችን በሰው አስላኩ። አምጪው ወደ ባንክ፣ ወደ ሆቴል፣ ወደ ፖስታ ቤት ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «ወድቆ አገኘሁት፣ እኔ ቸኩያለሁ» ብሎ ለእንግዳ ተቀባዩ ያስረክባል፤ ስሙን ሳይናገር ይሄዳል። ውስጡን በሚያሳየው ቦርሳ የባለቤቱ ስምና ኢሜይል ያለበት ካርድ፣ የአስቤዛ ዝርዝርና ቁልፍ አሉ። አንዳንዱ ገንዘብ የለውም፤ አንዳንዱ 13 ዶላር ገደማ የሚሆን የአገሩን ገንዘብ ይዟል። ብር ያለበት ቦርሳ ይበላል ብሎ መገመት የሁላችንም ልማድ ነው፤ አስቀድመው የተጠየቁ የኢኮኖሚ ምሁራንም ውጤቱን በትክክል አላወቁትም። የሆነው ሌላ ነው። ገንዘብ ከሌላቸው ቦርሳዎች ለ40 በመቶዎቹ ባለቤቶቻቸው በኢሜይል ተፈለጉ፤ ገንዘብ ካላቸው ግን ለ51 በመቶዎቹ። ከ40ዎቹ አገሮች በ38ቱ አቅጣጫው ይኸው ነበር። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በፖላንድ ገንዘቡን ወደ 94 ዶላር ሲያሳድጉት ደግሞ ቁጥሩ 72 በመቶ ደረሰ።

ይህ ደግነት ሳይሆን ሌባ ላለመባል ነው የሚል ይኖራል። በከፊል እውነቱን ነው፤ አጥኚዎቹ ራሳቸው ሰው ራሱን እንደ ሌባ ማየት እንደማይፈልግ ጽፈዋል። ነገር ግን የቁልፉን ነገር ልብ ይሏል። ቁልፍ ላገኘው ሰው አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ መጥፋቱ የሚያስጨንቀው ባለቤቱን ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ቁልፍ ያለበት ቦርሳ ቁልፍ ከሌለበት ይልቅ ባለቤቱ ተፈልጎለታል። ተቀባዩ የማያውቀውን ሰው፣ በሩ ተቆልፎበት የቆመውን ሰው አስቦ ነው። «እሱም ቢሆን ለራሱ ደስታ ብሎ ነው» የሚለው የመጨረሻ መከላከያም ብዙ አያስኬድም። በባዕድ ሰው እፎይታ የሚደሰት ፍጥረት ካለ፣ ደግ የምንለው ያንኑ ፍጥረት አይደለም እንዴ? በእርግጥ ከአገር አገር ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ቻይና ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበረች፤ በኋላ እዚያው የተደረገ ጥናት ግን ብዙዎቹ ኢሜይል ባይልኩም ቦርሳውን ሳይነኩ ለባለቤቱ እንዳስቀመጡለት አሳየ።

ሁሉም ከአስተዳደግ የመጣ ነው እንዳይባል ሕፃናቱ አሉ። በ2006 ፌሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ 24 የ18 ወር ሕፃናትን ፈተኑ። የማያውቁት ሰው ዕቃ ወድቆበት ሊደርስበት ሲያቅተው፣ ወይም እጁ ሞልቶ የቁም ሣጥን መክፈት ሲሳነው ያያሉ። ማንም ሳይለምናቸው፣ ማንም ሳይሸልማቸው 22ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሄደው ረዱ። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከሁለት ዓመት በኋላ እንዳሳዩት፣ ለእርዳታቸው መጫወቻ የተሸለሙ ሕፃናት ሽልማቱ ሲቀር የመርዳት ፍላጎታቸው ቀንሷል። ልጁ ዕቃ ባቀበለ ቁጥር ከረሜላ የሚሰጥ ወላጅ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በሌላ በኩል ገና ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ረጂውን ከአደናቃፊው ለይተው ይመርጣሉ የተባለለት የ2007 ዝነኛ ሙከራ፣ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ሲደግሙት ውጤቱ አልተገኘም። ስለዚህ እሱን ለማስረጃ አንጠራውም።

ከባዱ ተቃውሞ የታሪክ ነው። ሐምሌ 1942 ፖላንድ ውስጥ ዮዜፎቭ በምትባል ከተማ የጀርመን ተጠባባቂ ፖሊስ ሻለቃ 101 አይሁዳውያንን እንዲፈጅ ታዘዘ። አባላቱ አብዛኞቹ ከሐምቡርግ የመጡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የቤተሰብ ኃላፊዎች ነበሩ። አዛዡ ትራፕ አቅም ያነሰው ወደ ጎን ይውጣ ብሎ ፈቀደ። ከ500 ገደማ ሰዎች በዚያ ቅጽበት የወጡት ደርዘን ያህል ብቻ ናቸው፤ ያን ቀን 1,500 ያህል ሰው ተገደለ። የታሪክ ጸሐፊው ክሪስቶፈር ብራውኒንግ የምርመራ ቃላቸውን አንብቦ ያገኘው ምክንያት የደም ጥማት አልነበረም። ብዙዎቹ ፈሪ እንዳይባሉና ቆሻሻውን ሥራ ለጓደኞቻቸው ጥለው እንዳይወጡ ሰጉ። ለባልንጀራ ማሰብ በሌላ ጊዜ የምናመሰግነው ጠባይ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ግን የተገዳዩ ዋይታ ከጓደኛ ትዝብት ያነሰ ሆነ። ይህ ነገር ወንጀለኞቹን አያነጻም፤ የወጡት መውጣት እንደሚቻል አሳይተዋልና።

ደግነትን የሚያከስመው ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ክፉ ቀንም አይደለም። ዳርሊና ባትሰን በ1973 ባሳተሙት ጥናት የፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎች ንግግር ሊያደርጉ ሲሄዱ መንገድ ላይ ተቆራምዶ የሚያስል ሰው አጋጠማቸው። ጊዜ ከነበራቸው 63 በመቶው ረዱት፤ በጣም ከተቻኮሉት 10 በመቶው ብቻ። የአንዳንዶቹ ንግግር ርዕስ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነበር፤ እሱም ለውጥ አላመጣም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በአገራችን ዕድር የመሠረቱ ሰዎች መልሱን በሥራ አሳይተዋል። ጎረቤት ሲሞት አዛኝ እንደማይጠፋ ያውቁ ነበር፤ ሐዘኔታ በሥራ ብዛትና በቂም እንደሚዘናጋም ያውቁ ነበር። ስለዚህ ወርኃዊ መዋጮ ደነገጉ፣ ድንኳንና ወንበር ገዙ፣ ከቀብር በቀረ ላይ ቅጣት ጣሉ። እንዲህ በመሆኑ የተኳረፈውም ሰው ይቀበራል። ዕድር በሩቅ ላለ ባዕድ አለመድረሱ እውነት ነው፤ የደግነታችን ወሰን እዚህም ይታያል። ወሰኑን የሚያሰፋው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ነው። ስታንሊ ሚልግራም በየል ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ሙከራ፣ ሳይንቲስቱ ሲያዛቸው ከ40 ሰዎች 26ቱ ሌላውን ሰው በኤሌክትሪክ እየቀጡ እንደሆነ አምነው እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ሄደዋል። ሌሎች 40 ሰዎች በተፈተኑበት ዙር ግን ከጎናቸው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እምቢ ብለው ሲነሡ እስከዚያ የደረሱት 4 ብቻ ነበሩ። እርስዎም በመሥሪያ ቤት ስብሰባም ሆነ በሰፈር ወሬ አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ሲወገዝ ካዩ፣ ተቃውሞዎን ለጓደኛዎ ብቻ አያንሾካሹኩ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ይናገሩት።