ሸክላ ሠሪዋ ወደ ክፍል ስትገባ
(ለእጅ ሥራና ለሳይንስ ትምህርት ዝግጅት)

እኛ እጩ መምህራን ለልምምድ ስንወጣ ከሁሉ በፊት የምናማርረው የመርጃ መሣሪያ እጥረትን ነው። በብዙ ቦታ ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ብዙም ሳይርቅ ምጣድና ጀበና የምትሠራ እናት አለች። ሥራዋን ከጭቃው እስከ እሳቱ ብንከታተል ለበርካታ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ትምህርት እናገኛለን።

ማንኛውም አፈር ሸክላ አይሆንም። ሠሪዋ አፈሩን አርጥባ በእጇ ትፈትነዋለች። የተመረጠውንም ቢሆን ብቻውን አትሠራበትም፤ የተሰበረ ሸክላ፣ ማለትም ገል፣ ወቅጣና ነፍታ ዱቄቱን ከጭቃው ጋር ታቦካዋለች። ለምን? እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ተማሪም የሚጠይቀን ይህንኑ ነውና። ጭቃ ሲደርቅ ውሃው ስለሚወጣ ይኮማተራል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ከተኮማተረ ይሰነጠቃል። ገሉ ግን አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ ስለሆነ እንደ ጭቃው አይኮማተርም። ስለዚህ መሰንጠቁን ይቀንሳል፤ ለእንፋሎቱም መውጫ ይሰጣል። እንግዲህ የተሰበረ ጋን እንኳ ሥራ አለው።

ቅርጹን የምታወጣው በአብዛኛው ያለ ማሽከርከሪያ ነው። ያላት እጇ፣ ውሃና ማለስለሻ ጠጠር ነው። በኮምፓስ እንኳ ሰሌዳ ላይ ደህና ክብ መሣል የሚያቅተን ስንቶቻችን ነን?

ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። መጨረሻ በእንጨት፣ በኩበትና በገለባ ሜዳ ላይ ይተኮሳል። እንዲህ ያለ እሳት ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ በዚህ ሙቀት ያለፈ ሸክላ ውሃ ቢነካው ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በውስጡ እርጥበት የቀረበት ዕቃ ግን ውሃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ያፈነዳዋል። የስንት ቀን ድካም በአንድ እሳት ይጠፋል ማለት ነው። ገዢው ታዲያ ገበያ ላይ «ጭቃ አይደል እንዴ!» እያለ ይከራከራታል።

ጀሪካን እንስራን ከብዙ ቤት አስወጥቷል፤ ምጣዱን ግን ማንም አላስወጣውም። ብዙው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ ላዩ ሸክላ ነው፤ ሽቦው የሚቀመጥበት ቦይ ከሥሩ ይወጣለታል። ባለቤቲቱም እንደ ድሮው በጎመን ዘር ታሟሸዋለች።

ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት በመንደሩ አጠራር ግን «ቡዳ» ናት። አዲስ አበባ ቀጨኔ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ይህን ስም ተሸክመው ኖረዋል፤ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ በሸክላቸው የታወቁት የቤተ እስራኤል ሴቶችም እንዲሁ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ቃሉ ከትምህርት ቤት ግቢ አልወጣም። መምህር የወላጅ ሥራ እየጠየቀ ሲመዘግብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ገበሬ» የሚል ልጅ አለ፤ እናቱ የሠራችው ጀበና የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ቡና እያፈላ!

ስለዚህ የሸክላ ትምህርት ስናዘጋጅ ጀበናውን ብቻ ገዝተን አናምጣ፤ ሠሪዋን እንጋብዝ። አስቀድመን ልጁን ለብቻው እናናግረው፤ ሳይዘጋጅ በጓደኞቹ ፊት ማጋለጥ ከስድቡ አይተናነስም። ስትመጣ ወይዘሮ ብለን በሙሉ ስሟ እናስተዋውቃት፤ ወንበሩም የመምህሩ ይሁን። ገሉ ለምን እንደሚገባ እኛ ቀድመን አናብራራ፤ ተማሪዎቹ እሷን ይጠይቋት። እያንዳንዱ ተማሪ አንዱን ቁራሽ ገል ገብቶበት፣ ሌላውን ሳይገባበት ይሥራ፤ ሲደርቅ የትኛው እንደተሰነጠቀ በደብተሩ ይመዝግብ። ለዋለችበት ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግረን እንክፈላት። ቀኑንም እሷ ትምረጥ፤ የገበያ ቀን እንደሆነ አትመጣም።