ጉበት ላይ ነጥብ ታየ ሲባል

ከሳይንስ ክበብ ተማሪዎች

በዚህ ዓመት የአንዷ ጓደኛችን አያት ታመሙ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጡት ካንሰር ታክመው ነበር። እዚህ ሐርጌሳ በአልትራሳውንድ ሲታዩ «ጉበትዎ ላይ ሦስት ነጥቦች አሉ» ተባሉ። ቤቱ የዚያኑ ቀን ለቅሶ ቤት መሰለ። ጓደኛችን ክፍል መጥታ «ነጥብ ማለት ካንሰር ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቀን ማናችንም መልስ አልነበረንም። የባዮሎጂ መምህራችን «እንግዲያው እንማረው» አሉን። የተማርነውን ለወላጆቻችንና ለታናናሾቻችን እነሆ እንላለን።

በመጀመሪያ ከገበያ የፍየል ጉበት ገዛን። በሐርጌሳ ጉበትን የምናውቀው ጠዋት ከላሆህ ጋር ሲቀርብ ነው፤ ያን ቀን ግን ሰንጥቀን ውስጡን አየነው። በደም ቱቦዎች የተሞላ ነው። የአዋቂ ሰው ጉበት 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ደምም በሁለት መንገድ ይደርሰዋል። ሩብ ያህሉ ከልብ በደም ቅዳ ይመጣል። ሦስት አራተኛው ደግሞ ከጨጓራ፣ ከአንጀት፣ ከቆሽትና ከጣፊያ ተሰብስቦ በአንድ ትልቅ ደም መልስ በኩል ይገባል። ስለዚህ ከአንጀት ካንሰር ተገንጥሎ በደም የሚጓዝ ሕዋስ መጀመሪያ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ጉበት ላይ ነው። የጡትና የሳንባ ካንሰርም በደም ቅዳው በኩል ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ወደ ጉበት የተሰራጨ የጡት ካንሰር ያው የጡት ካንሰር ነው፤ ሕክምናውም በዚያው ይመራል።

ታዲያ ነጥቡ ምን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? አንዱ መንገድ ኤም አር አይ ነው። ይህ መሣሪያ እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ጨረር አይጠቀምም። ብዙውን ጊዜ 1.5 ቴስላ ጉልበት ያለው ማግኔት ነው፤ ይህም ከመሬት ማግኔታዊ ጉልበት በአስር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን በማግኔቱ አቅጣጫ ይሰለፋል። መሣሪያው የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ሰልፉን ያናጋዋል፤ ሃይድሮጅኑ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚሰጠውን ምልክት ኮምፒውተር ወደ ምስል ይለውጠዋል። ለዚህ ግኝት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ በ2003 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ሐኪሞች ነጥቡን በልዩ ልዩ መንገድ ይፈትኑታል። ውሃ የቋጠረ ከረጢት በአንደኛው የምስል ዓይነት እጅግ አብርቶ ይታያል። በሁለተኛው የውሃ ቅንጣቶች እንቅስቃሴ ይለካል፤ የካንሰር ሕዋሳት እንደ ገበያ ቀን ሕዝብ ስለሚተፋፈጉ ውሃው በመካከላቸው እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። በሦስተኛው ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን ጤነኛ የጉበት ሕዋሳት ስለሚወስዱት ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ጉበቱ ያበራል። ከሌላ አካል የመጣ ካንሰር ግን የጉበት ሕዋስ ስለሌለው ጨልሞ ይቀራል። በዚህ ዘዴ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ነጥቦች እንኳ ሊታዩ ይችላሉ። ሆኖም ምስሉ ሁልጊዜ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ አንዳንዴ በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።

የጓደኛችን አያት በቶጎጫሌና በጅግጅጋ አድርገው አዲስ አበባ ሄዱ፤ በዚያም ኤም አር አይ ተነሡ። ከሦስቱ ነጥቦች ሁለቱ ምንም የማያደርጉ የውሃ ከረጢቶች ሆኑ። ሦስተኛው ግን የተሰራጨ ካንሰር ነበር፤ በናሙናም ተረጋገጠ። ዜናው ቀላል አልነበረም። ይሁን እንጂ ቤተሰቡ የሚዋጋውን አወቀ፤ ሐኪሞቹም ለዚያ የሚሆነውን ሕክምና ጀመሩ። ዘንድሮ ፋሲካን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ውለዋል።

ምርመራው የታዘዘለት ቤተሰብ የሚከተለውን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። የልብ ምት ማስተካከያ ወይም በሰውነት ውስጥ የቀረ ብረት፣ ጥይትም ቢሆን፣ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። የኩላሊት ሕመም ወይም እርግዝና ካለም እንዲሁ። ጌጥና ስልክ ውጭ ይቀመጣሉ። መሣሪያው ይጮኻል፤ አያስፈራ። ጉበት ከትንፋሽ ጋር ስለሚንቀሳቀስ «ትንፋሽ ያዙ» ሲባል ለ15 ሰከንድ ያህል መያዝ ምስሉን ያጠራዋል። ሕፃናትም ሆኑ አረጋውያን በቤት ውስጥ ቢለማመዱት መልካም ነው። የቀድሞ የምርመራ ወረቀትና ፊልም ሁሉ ይዞ መሄድም አይዘንጋ፤ ሐኪሙ አሮጌውን ከአዲሱ ያነጻጽራልና።

የጓደኛችንን ጥያቄ አሁን መመለስ እንችላለን። ነጥብ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር ሆኖ ቢገኝም ሳይመረመሩ ማልቀስ ከሕክምና ቀን ይቀንሳል። በቤታችን የታመመ ቢኖር ሕመሙን አንደብቅ፤ ቶሎ እናስመርምር።