ከአበበ እግር ይልቅ አሯሯጡን

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ወደ ገንዳ ውሃ በሚወስደው አስፋልት ስለማመድ ስነሣ ነፋስ ነኝ። 15 ኪሎ ሜትር ሳልፍ ግን እግሬ ይከዳኛል። ማራቶን እንዴት አድርጌ ልጨርስ ነው?

ሽማግሌው፦ እግርህ አልከዳህም፤ ያለህን ሁሉ መጀመሪያ ላይ ጨርሰኸው ነው። ጡንቻ ያከማቸው ስኳር ልክ አለው፤ በፈጠንክ ቁጥር ቶሎ ያልቃል። በመተማ ሙቀት ደግሞ ልብህ ድርብ ሥራ አለባት፤ ደሙን ለጡንቻ እየላከች፣ ሰውነትህ እንዲቀዘቅዝ ወደ ቆዳም ትገፋዋለች። በደጋ የሮጥክበትን ሰዓት እዚህ አትጠብቅ።

ወጣቱ፦ አበበ ቢቂላ ግን ሮም ኦሊምፒክ ላይ በባዶ እግሩ...

ሽማግሌው፦ ይኸው! ስልሳ ዓመት አልፎንም የምናወራው ስለ እግሩ ነው። ሰው ሁሉ ድሃ ስለነበረ ጫማ አጣ ይላል። ጫማ አላጣም፤ ያገኘው ስላልተመቸው፣ በባዶ እግሩም ልምምድ ስለነበረው ተወው። በቶኪዮ በ1957 ዓ.ም. ጫማ አድርጎ ሲሮጥ በ2:12:11 ገባ፤ ከሮም በ3 ደቂቃ ይፈጥናል። ታዲያ ምስጢሩ ባዶ እግሩ ነበር? ሮም ላይ የሆነውን ልንገርህ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሙቀቱን ለመሸሽ ሩጫው ወደ ማታ ተጀመረ፤ ሲመሽ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን አበሩላቸው። ሞሮኳዊው ራዲ አብሮት ነበር። አበበ ቸኩሎ ለመነጠል አልሞከረም፤ ብዙውን መንገድ ጎን ለጎን ሄደ። ያመለጠው ማብቂያው ሲቃረብ፣ ያኔ ሮም ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልታችን አካባቢ ነው። በ2:15:16 ሲገባ ራዲን የበለጠው በ25 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሙሉ ጉልበቱን ቆጥቦ ለመጨረሻው ያቆየ ሰው ነው! ለልጆቻችን ይህን ትተን ስለ እግሩ እንነግራቸዋለን፤ እነሱም ገና ሲነሡ እንደ ጥይት ይወነጨፋሉ።

ከማሞ ወልዴ እስከ ታምራት ቶላ ያሉት የማራቶን ሯጮቻችን ሁሉ ትዕግሥት ያውቃሉ። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ በ2:11:53 የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ የመጀመሪያውን አጋማሽ በ1:06:20፣ ሁለተኛውን በ1:05:33 ነው የሮጠችው። ሁለተኛው ይፈጥናል፤ ልብ በል።

ወጣቱ፦ እነሱ እኮ አይራመዱም። እኔ መሀል ላይ ብራመድ ሰው ምን ይላል?

ሽማግሌው፦ የሰው አፍ 42 ኪሎ ሜትር አይሮጥልህም። በ1972 እ.ኤ.አ. የሙኒክ ኦሊምፒክ ማሞ በማራቶን ነሐስ ሲያመጣ፣ እዚያው 10,000 ሜትር የሮጠ ጄፍ ጋሎዌይ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። እየሮጡ መራመድን ለጀማሪዎች ያስተማረው እሱ ነው። ሂሳቡን እንሥራው። 4 ደቂቃ ሩጥ፣ ኪሎ ሜትሩን በ6 ደቂቃ ተኩል ሂሳብ፤ 615 ሜትር ትሄዳለህ። 1 ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ፤ 100 ሜትር። በ5 ደቂቃ 715 ሜትር ሆነ። በዚህ አካሄድ ማራቶኑን 5 ሰዓት ሳይሞላ ትጨርሳለህ። ሳያቋርጥ ሮጦ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ተዝለፍልፎ የሚጎተተው ግን ከዚህም በላይ ሊፈጅበት ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ አትርሳ፤ እርምጃው ከመጀመሪያው ይጀምር። ከደከሙ በኋላ መራመድ ጉልበት አይመልስም። የሰሊጥ አራሚ እየው፦ ልምድ ያለው ጠዋት ላይ አይጣደፍም፤ ከሰዓት በኋላ ወገቡን ይዞ የሚቀመጠው አዲስ መጪው ነው። ውሃ የምትጠጣውም በምትራመድበት ደቂቃ ይሁን፤ በላብህ ጨው ስለሚወጣ ውሃ ብቻ አብዝተህ አትጋት። ራስህን ካዞረህ ወይም በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ካለህ አቁምና ጥላ ፈልግ፤ ያን ቀን ሩጫው አብቅቷል።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ተነሣ። የመጀመሪያዎቹን 4 ደቂቃዎች ስትጨርስ፣ ምንም ባይደክምህም፣ ተራመድ።